የጊታር አንገትና የድምፅ ዕድሜ

(በሬዲዮ ከተሰማው ንግግር)



በዛሬው ንግግሬ የማወሳው ነገር መጀመሪያ ሲሰሙት የሙዚቀኞች ብቻ ጉዳይ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን የአንድ ወጣት እንጀራ ሊቋረጥ ምክንያት ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጉዳዩም ደብዳቤ የምንጽፈውን፣ ቃለ ጉባኤ የምንፈርመውንና ዕቃ የምንገዛውን እኛን የመንግሥት ሠራተኞችን የሚነካ ነው። ስለዚህ ጥቂት ጊዜ እንድታውሱኝ እለምናለሁ። ነገሩ የቤዝ ጊታር አንገት አሠራር በድምፁ ቃናና በድምፁ ዕድሜ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ነው። የድምፅ ዕድሜ የምለው፣ አንድ አውታር ከተመታ በኋላ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ የሚቆይበትን ጊዜ ነው። ቃና የምለውም፣ በአንድ ከፍታ ከሚሰሙ ሁለት ድምፆች ጆሮአችን አንዱን ወፍራምና ለስላሳ፣ ሌላውን ቀጭንና ደረቅ ብሎ የሚለይበትን ጠባይ ነው።

በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር ለሥራ ወደ ምዕራብ ጎጃም ሄጄ በፍኖተ ሰላም ከተማ ጥቂት ቀናት ሰነበትሁ። ፍኖተ ሰላም ማለት በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ በእርግጥም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ከተማይቱን አቋርጦ ያልፋል። በዚያ ሰሞን የአንድ መሥሪያ ቤት የኪነት ቡድን ለበዓል ሲለማመድ እንድሰማ ተጋብዤ ወደ አንድ አዳራሽ ገባሁ። ክራርና ማሲንቆ፣ ከበሮና ኦርጋን፣ ከሁሉም በስተኋላ አንድ ቤዝ ጊታር ነበረ። ቤዙን የሚመታው ዕድሜው ከሃያ ብዙ ያላለፈ፣ በሙከራ የተቀጠረ ልጅ ነበር።

ዜማው በመልካም ሁናቴ ሲሄድ ቆይቶ፣ ከአንድ ስፍራ በደረሰ ቁጥር የቤዙ ድምፅ ድንገት ይሞት ነበር። ሌሎቹ ድምፆች እንደ ደወል ሲያስተጋቡ ያች አንዲት ድምፅ ግን ጆንያ እንደ መቱ ሁሉ ጡብ ብላ ትጠፋለች። የቡድኑ ኀላፊ ሦስት ጊዜ አስደገሙት፤ ሦስቱንም ጊዜ እዚያው ላይ ሞተች። ኀላፊውም ወደ እኔ ዘወር ብለው በዝግታ፣ «ጣቱ ሰነፍ ነው፤ የሙከራ ጊዜው ስለሚያልቅ የስንብቱ ደብዳቤ ተዘጋጅቷል» አሉኝ። ልጁ ነገሩን ሳይሰማ አልቀረም፤ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ።

በዚህ ጊዜ ከቡሬ አካባቢ ገጠር የመጡት ሸምገል ያሉ የማሲንቆ ተጫዋች መሣሪያቸውን አስቀምጠው ተነሡ። «ልጄ፣ እስቲ ያችን ድምፅ ለብቻዋ ምታት» አሉት። መታት፤ ሞተች። ሽማግሌው የጊታሩን ራስ፣ ይኸውም መቃኛዎቹ ያሉበትን ጫፍ በሁለት እጃቸው ጥብቅ አድርገው ያዙና «አሁን ድገም» አሉት። ደገመ፤ ድምፁም ሳይሞት እንደ ሌሎቹ ቆየ። ሽማግሌው እጃቸውን ለቀቁ፤ ድምፁ እንደገና ሞተ። ከዚያም ወደ ኀላፊው ተመልክተው፣ «ጌታዬ፣ የልጁ ጣት አይደለም። ድምፁን የሚጠጣው አንገቱ ነው» አሉ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ይህን ቃል ስመረምረው ኖሬያለሁ። በእውነት አንገት ድምፅን ይጠጣልን? ቢጠጣስ እንዴት?

በመጀመሪያ መሣሪያውን እንወቀው። ቤዝ ጊታር በልማድ አራት ወፍራም አውታሮች ያሉት ጊታር ነው። እጅግ ወፍራሙ አውታር ሳይያዝ ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ቀጭኑ ደግሞ 98 ጊዜ። አውታሮቹ ከአንገቱ ጫፍ እስከ በርኩማው ድረስ የሚነዝሩበት ርዝመት በተለመደው ዓይነት 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አራቱ አውታሮች ተቃኝተው ሲወጠሩ አንገቱን የሚስቡት በጠቅላላው ወደ 75 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ኀይል ሲሆን፣ ይህም የኩንታል ሦስት አራተኛ መሆኑ ነው። ይህን ሁሉ ሸክም የሚችለው ያ ቀጭን እንጨት ነው።

ቀድሞ በውጭ አገር ኦርኬስትራዎች ዘንድ ይህን ወፍራም ድምፅ የሚሰጠው ኮንትራባስ የተባለው፣ የሰው ቁመት የሚያህል ታላቅ መሣሪያ ነበረ። በአሜሪካ አገር በሲያትል ከተማ ፖል ተትማርክ የተባለ ሰው በ1930ዎቹ እንደ ጊታር በእቅፍ የሚያዝ የኤሌክትሪክ ቤዝ ሠርቶ ነበር። በዓለም ሁሉ የተስፋፋው ግን በካሊፎርኒያ ሊዮ ፌንደር በ1951 ያወጣው ዓይነት ነው። ስለ ውጭ አገርና ስለ ሸክላ ሥራ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አድማጮች ይገንዘቡልኝ። በእኛም አገር ይህ መሣሪያ ታላቅ ባለሙያዎችን አፍርቷል። የዋልያስ ባንድ በ1977 ባወጣው «ጨ በለው» በተባለው ሸክላ ላይ ቤዙን የመታው መላከ ገብሬ፣ በአይቤክስና በኋላም በሮሃ ባንድ የታወቀው ጆቫኒ ሪኮ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ቤዝ እንደ ዘፋኙ ከፊት ቆሞ አይታይም፤ እንደ ቤት መሠረት ከታች ሆኖ ሁሉን ይሸከማል። መሠረቱ በአንድ ስፍራ የጎደለ እንደ ሆነ ግን ነዋሪው ሁሉ ይሰማዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ጣት አውታርን ስቦ ሲለቅ በአውታሩ ላይ ጥቂት ኀይል ያኖርበታል። ይህ ኀይል በወሩ መጨረሻ አንድ ጊዜ እንደምንቀበለው ደመወዝ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወጪ ብቻ እንጂ ገቢ የለም። ድምፁ የሚቆየው ኀይሉ እስኪያልቅ ነው። ወጪውም በሦስት በር ይወጣል። አንደኛው በር አውታሩ ራሱ ነው፤ ሲተጣጠፍና አየሩን ሲቀዝፍ ጥቂት በጥቂት ይደክማል። ሁለተኛው በር አውታሩ ከታች የሚያርፍበት በርኩማ ነው። ሦስተኛው በር ከላይ አውታሩን የያዘው አንገት ነው።

የአውታሩ ጫፎች እንዴት ኀይል እንደሚያባክኑ ለመረዳት አንድ ገመድ በቂ ነው። ገመዱን ከአንድ ትልቅ ዋርካ ግንድ ጋር አስራችሁ ሁለተኛውን ጫፍ ብታወዛውዙት፣ ማዕበሉ ሄዶ ግንዱን ይመታና ሳይቀነስ ወደ እጃችሁ ይመለሳል። ያንኑ ገመድ ከቀጭን የባሕር ዛፍ ችግኝ ጋር ብታስሩት ግን ችግኙ አብሮ ይወዛወዛል፤ የሚመለሰው ማዕበልም የደከመ ይሆናል። ግንዱ ኀይሉን መለሰ፤ ችግኙ ግን ጠጣው። የጊታር አንገትም እንደ አሠራሩ ወደ ግንዱ ወይም ወደ ችግኙ ይጠጋል።

በዚህ ስፍራ በአገራችን መሣሪያዎችና በኤሌክትሪክ ጊታር መካከል ያለውን ታላቅ ልዩነት ማስተዋል ይገባል። በክራር ላይ በርኩማው የቆመው በተወጠረ ቆዳ ላይ ነው። ቆዳው ከአውታሩ ኀይል ይቀበላል፤ የተቀበለውንም ለአየሩ ይሰጣል፤ እኛም የምንሰማው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ክራር በሚጮኽበት መጠን ኀይሉን ቶሎ ይጨርሳል። በኤሌክትሪክ ቤዝ ላይ ግን የአውታሩን እንቅስቃሴ የሚለቅመው ፒክአፕ የተባለው ማግኔትና የሽቦ ጥቅል ነው፤ እርሱም ወደ ማጉያው ይልከዋል። እዚህ ላይ እንጨቱ የሚወስደው ኀይል በአብዛኛው የባከነ ኀይል ነው። በክራር ዘንድ ልግስና የሆነው፣ በቤዝ ጊታር ዘንድ ብክነት ይሆናል ማለት ነው።

ከልምምዱ ማግሥት ሽማግሌው ወደ ቤታቸው ጋብዘውኝ ወደ ቡሬ ሄድን። በመንገዱ ዳር በየደጃፉ ቀይ በርበሬ ተሰጥቶ ነበር። ቤታቸው ስንደርስ ገና ቆዳ ያልለበሰ ማሲንቆ አወጡና አሳዩኝ። የማሲንቆ ገበቴ አራት ማዕዘን ሆኖ በአንድ ማዕዘኑ የቆመ ነው። አንገቱ የሆነው ረጅም ዘንግ በላይኛው ማዕዘን ገብቶ፣ በገበቴው ውስጥ አልፎ፣ በታችኛው ማዕዘን ብቅ ይላል። ከፈረስ ጭራ የተሠራው አንድ አውታር ከላይ ከመቃኛው ተነሥቶ፣ በቆዳው ላይ በቆመው በርኩማ አልፎ፣ ከታች በዚያው ዘንግ ጫፍ ይታሰራል። የአውታሩ መነሻና መድረሻ አንድ እንጨት ነው፤ ገበቴው የተሸከመው ድምፁን እንጂ ውጥረቱን አይደለም።

ሽማግሌው ዘንጉን በገበቴው ቀዳዳ ውስጥ ነቅነቅ አደረጉትና በቀጭን ሽብልቅ አጠበቁት። ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ «ሞፈሩ ከእርፉ ጋር ከላላ የበሬው ጉልበት ከመሬቱ ሳይደርስ በመንገድ ይቀራል። ይህም እንደዚያው ነው» አሉኝ። እርግጥ ነው፣ ማሲንቆ በደጋን የሚመታ ስለ ሆነ ደጋኑ በየቅጽበቱ ኀይል ይጨምርለታል። የወር ደመወዝተኛ ሳይሆን በየቀኑ የሚከፈለው ሠራተኛ ነው እንበል። ስለዚህ የድምፁ ዕድሜ በደጋኑ ይወሰናል። ነገር ግን ዘንጉ የላላ እንደ ሆነ አውታሩ ጣት በነካው ቁጥር ውጥረቱ ይዛባል፤ ቃናውም ይናወጣል። በዚህ ምክንያት ሽማግሌው አንገትን ማዳመጥ የለመዱት ከጊታር ሳይሆን ከማሲንቆ ነው።

ወደ ጊታሩ ስንመለስ፣ የቤዝ ጊታር ሠሪዎች አንገትን ከአካል ጋር የሚያገናኙት በሦስት መንገድ ነው። የመጀመሪያው በብሎን ማሰር ነው። ፌንደር በ1951 የተጠቀመበት ይህ ነው፤ ለመሥራት ቀላል፣ ሲበላሽም ለመለወጥ ምቹ ነው። ሁለተኛው እንደ በርና መስኮት አናጢ አንዱን እንጨት በሌላው ውስጥ አስገብቶ በኮላ ማጣበቅ ነው፤ ጊብሰን የተባለው ፋብሪካ በ1953 ያወጣው ቤዝ እንዲህ ነበር። ሦስተኛው አንገቱን ሳይቆርጡ እስከ መሣሪያው ግርጌ ማዝለቅና የአካሉን ክንፎች ከግራና ከቀኝ መለጠፍ ነው፤ ሪከንባከር የተባለው ፋብሪካ በ1957 ያወጣው ቤዝ በዚህ ዓይነት ተሠርቷል። አስተዋይ አድማጭ ይህ ሦስተኛው አሠራር የማሲንቆ ወንድም መሆኑን ሳይረዳው አይቀርም። አዲስ ጥበብ ተብሎ የተወራለት ነገር በጎጃምና በጎንደር አዝማሪዎች እቅፍ ውስጥ ከጥንት የኖረ ነው።

እንግዲህ ከሦስቱ የትኛው ድምፅን ያስረዝማል? በሙዚቀኞችም በነጋዴዎችም ዘንድ የተለመደው መልስ «ወጥ የሆነው ይበልጣል፤ በኮላ የተያዘው ይከተላል፤ በብሎን የታሰረው የመጨረሻ ነው» የሚል ነው። ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይህንኑ ተከትሎ ይወጣል። ነገሩ ለአእምሮ የሚቀበሉት ይመስላል፤ ሲለኩት ግን እንደ ተባለው አልሆነም። በ2007 በአሜሪካ ለመሣሪያ ሠሪዎች በሚታተም አንድ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ሦስቱን አጋጠሞች ሲያነጻጽር፣ በብሎን የታሰረው በጥቂቱ በልጦ ተገኘ። ከዚህም ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው ሰዎች እንዲያዳምጡ ሲደረግ ልዩነቱን በጆሮአቸው ለይተው ማወቅ አለመቻላቸው ነው። የሚያስፈልገው የመገጣጠሚያው ስም ሳይሆን የመገጣጠሚያው ጥብቀት ነው ማለት ነው። ሁለቱ እንጨቶች ፊት ለፊት በሚገባ ተጋጥመው፣ ክፍተት ሳይኖር ከተያዙ፣ ብሎንም ቢሆን ኮላም ቢሆን ለድምፁ ዕድሜ ከባድ ልዩነት አያመጣም። የላላ ብሎን ግን እንደ ላላው ሞፈር ነው።

ታዲያ የአዳራሹ ድምፅ ለምን ሞተ? የዚያ ጊታር ብሎኖች ተፈትሸው ጠብቀው ተገኝተዋል። ምሥጢሩ በአጋጠሙ ሳይሆን በአንገቱ በራሱ ነው። ልጆች በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ገመድ አንጠልጥለው ዥዋዥዌ ሲጫወቱ አይታችሁ ይሆናል። ዥዋዥዌው የራሱ የሆነ ጊዜ አለው። ከጊዜው ውጪ ቢገፉት ብዙ አይንቀሳቀስም፤ በጊዜው እየጠበቁ ቢገፉት ግን ትንሽ ልጅ እንኳ በጣቱ ከፍ አድርጎ ሊያወዛውዘው ይችላል። አንገትም እንዲሁ ነው። ጫፉን በጣት ቢቆረቁሩት በራሱ ጊዜ፣ በሰከንድ ይህን ያህል ጊዜ ብሎ ይነዝራል። አውታሩ የሚነዝርበት ቁጥር ከዚህ ከአንገቱ ቁጥር ጋር የገጠመ እንደ ሆነ አውታሩ አንገቱን እንደ ዥዋዥዌ በጊዜው ይገፋዋል፤ አንገቱም ኀይሉን እየተቀበለ መወዛወዝ ይጀምራል። አውታሩ ደመወዙን በአንድ ጀምበር ከፍሎ ባዶውን ይቀራል። የባዕድ አገር ሙዚቀኞች ይህን ስፍራ የሞተ ስፍራ ይሉታል።

ሔልሙት ፍላይሸር የተባሉ የጀርመን ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1990ዎቹ ይህን ነገር በመሣሪያ ለክተው፣ የሞተው ስፍራ የሚመጣው በአብዛኛው ከበርኩማው ሳይሆን ከአንገቱ መሆኑን አሳይተዋል። በብዙ ቤዝ ጊታሮች ላይ ይህ ስፍራ የሚገኘው በቀጭኑ አውታር ላይ ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ፍሬት ባለው መካከል ነው። በአምስተኛው ፍሬት ላይ ያ አውታር በሰከንድ 131 ጊዜ ገደማ፣ በሰባተኛው ላይ 147 ጊዜ ገደማ ይነዝራል። የልጁም ድምፅ የሞተችው በዚሁ አምስተኛው ፍሬት ላይ ነበር። የሽማግሌው እጅ የጊታሩን ራስ በያዘ ጊዜ ክብደት ስለ ጨመረበት የአንገቱ ቁጥር ተለወጠ፤ አውታሩና አንገቱ መግጠማቸው ቀረ፤ ድምፁም ዳነ። ሽማግሌው ቁጥሩን አላወቁም፤ ነገሩን ግን አውቀዋል።

ቃናም ከዚሁ ምንጭ ይቀዳል። አንድ አውታር ሲመታ የምንሰማው አንድ ድምፅ ብቻ አይደለም። መሠረታዊው ንዝረት አለ፤ በላዩም እጥፉ፣ ሦስት እጥፉ፣ አራት እጥፉ ተደርበው ይሰማሉ። አንገት ሁሉንም እኩል አይጠጣም። መሠረታዊውን ጠጥቶ ሌሎቹን ከተዋቸው ድምፁ ቀጥኖ፣ ከላይ ብቻ የሚንሳፈፍ ይሆናል፤ የላይኞቹን ወስዶ መሠረታዊውን ከተወው ደግሞ ጨለም ያለና የተድበሰበሰ ይሆናል። እንግዲህ ሁለት ቤዞች በአንድ ዓይነት አውታርና ፒክአፕ የተሠሩ ሆነው ቃናቸው ቢለያይ፣ አንዱ ምክንያት የአንገታቸው አበላል ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ስለ ቃና ስንናገር የአውታሩ አዲስነት፣ የፒክአፑ ስፍራና የመቺው ጣት ከአንገቱ ይልቅ ጎልተው እንደሚሰሙ መዘንጋት የለብንም።

ሠሪዎች ይህን ጠባይ ለመግራት የሚያደርጉት ጥረት ሁለት መልክ አለው። አንደኛው አንገቱን ማጠንከር ነው። የአንድ እንጨት ስፋቱ ሳይለወጥ ውፍረቱ ከመቶ 10 እጅ ቢጨምር፣ አልታጠፍም ባይነቱ ከመቶ 33 እጅ ያህል ይጨምራል፤ ስለዚህ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብዙ ትሠራለች። እንጨትን ከእንጨት ደራርቦ ማጣበቅም አለ፤ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ከካርቦን ክር የተሠሩ እጅግ ደረቅ አንገቶች ወጥተዋል። ሁለተኛው መንገድ በጫፉ ያለውን ክብደት መለወጥ ነው። ኔድ ስታይንበርገር የተባለው አሜሪካዊ በ1980 ገደማ ጭራሹን ራስ የሌለው ቤዝ ሠርቶ መቃኛዎቹን ወደ ግርጌው አወረዳቸው። በዚህ ሁሉ የሞተው ስፍራ ከሙዚቃው መንገድ ገለል ይላል እንጂ፣ ማንኛውም አንገት የራሱ የንዝረት ቁጥር ከቶ አይጠፋውም።

ለእኛ አገር ደግሞ የአየሩ ጠባይ ይጨመርበታል። በምዕራብ ጎጃም ክረምቱ ዝናብ የበዛበት፣ በጋው ደረቅ ነው። እንጨት በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይኮማተራል። ከዚህም የተነሣ በሐምሌ ቀጥ ብሎ የነበረ አንገት በየካቲት ጎብጦ ይገኛል። በአብዛኞቹ ቤዞች አንገት ውስጥ በቁልፍ የሚጠብቅና የሚላላ የብረት ዘንግ የተቀበረውም አንገቱን ለማቃናት ነው። አንገቱ ወደ ኋላ ከጎበጠ አውታሩ ፍሬቱን እየነካ ያንጫርራል፤ ድምፁም ቶሎ ያልቃል። ይህ ግን ሌላ በሽታ እንጂ የሞተ ስፍራ አይደለም። የሚያንጫርር ድምፅ በዘንጉ ይታከማል፤ ሳያንጫርር ንጹሕ ሆኖ የሚሞት ድምፅ ግን አንገት የጠጣው ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ ለኪነት ቡድን መሣሪያ የመግዛት ወይም የባለሙያን ችሎታ የመመዘን ኀላፊነት ያለባችሁ አድማጮቼ ሆይ፣ የሚከተለውን ፈተና ብታደርጉ ገንዘብም ሰውም ታድናላችሁ። በመጀመሪያ አውታሮቹ አዲስ መሆናቸውንና በሚገባ መቃኘታቸውን አረጋግጡ። ከዚያ በእያንዳንዱ አውታር ላይ እያንዳንዱን ፍሬት በእኩል ጉልበት እያስመታችሁ፣ ድምፁ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ በሰዓት ቁጠሩ። አንዲት ድምፅ ከጎረቤቶቿ እጅግ አጥራ ከተገኘች፣ ያችኑ ድምፅ በሌላ አውታር ላይ አስመቱ፤ ለምሳሌ በቀጭኑ አውታር አምስተኛ ፍሬት ላይ ያለችው ድምፅ በሚቀጥለው አውታር አሥረኛ ፍሬት ላይ ትገኛለች። እዚያ ከቆየች መቺው ንጹሕ ነው። ቀጥሎ የጊታሩን ራስ በእጅ አጥብቃችሁ ያዙና አስደግሙ፤ ድምፁ ከዳነ በደለኛው አንገቱ ነው። አንገቱ በብሎን የታሰረ ከሆነ በካቻቢቴ ብሎኖቹን በልክ አጥብቁ፤ ከልክ በላይ ማጥበቅ ግን እንጨቱን ይበላዋል። ይህም ካልበቃ በራሱ ጫፍ ላይ ትንሽ ሞርሳ በጨርቅ ጠቅልሎ ማሰር የሞተውን ስፍራ ከቦታው ያነሣዋል፤ ጥቂት ወዲያና ወዲህ እያሉ ከሁለት ድምፆች መካከል እንዲውል ማድረግ ይቻላል።

ሻጩ «ይህ ወጥ አንገት ነው፤ ያ ግን በብሎን የታሰረ ነው» እያለ ዋጋ ሲጨምርባችሁም በቃሉ አትመሩ፤ በጆሮአችሁና በሰዓታችሁ መርምሩ። በብሎን ታስሮ በሚገባ የተገጠመ ቤዝ፣ ወጥ ሆኖ ሳለ የሞተ ስፍራ ካለበት ቤዝ ይሻላል።

የፍኖተ ሰላሙን ነገር ልጨርስላችሁ። ኀላፊው ጉዳዩን በጥሞና ከተመለከቱ በኋላ፣ ከአንድ አናጢ የተለመነች ትንሽ ሞርሳ በጊታሩ ራስ ላይ ታሰረች። መልኳ አላማረም፤ ተሰብሳቢው ሁሉ ሳቀ። ልጁ ግን ዜማውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲመታ ያች ድምፅ አልሞተችም። ኀላፊውም የተዘጋጀውን ደብዳቤ ከፋይሉ አውጥተው በሁላችንም ፊት ቀደዱት። ልጁ ወደ ሽማግሌው ቀርቦ ጉልበታቸውን ሊስም ሲጎነበስ፣ «ተው ልጄ፤ እኔ የያዝሁት እንጨቱን ነው፤ ድምፁን ያወጣኸው አንተ ነህ» አሉት።

በየቢሮአችን ሥራ በአንድ ስፍራ እየሄደ የሚሞትበት ጊዜ አለ። ፈጥነን የምንመለከተው ከፊታችን የተቀመጠውን ሰው ጣት ነው። እርሱንም መመርመር ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የስንብት ደብዳቤ ከመፈረማችን በፊት የተሰጠውን መሣሪያ አንገት አጥብቀን ይዘን «አሁን ድገም» ማለት አይከፋም።